«ምሁራን እንደሚሉት…» ሲባል፦ የሌላን ተመራማሪ ሐሳብ በጥናት ጽሑፍ ማቅረብ ምን ይጠይቃል?

በፌስቡክና በቴሌግራም አልፎ አልፎ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለው የግዕዝ የፍልስፍና ድርሰት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ኢትዮጵያዊ የጻፈው ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ያዘጋጀው? አንዱ ወገን «የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ምሁራን አረጋግጠዋል» ይላል። ሌላው «ፈጠራ መሆኑ ከታወቀ ቆየ እኮ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ምሁር ይጠራሉ። የጠሩት ምሁር በትክክል ምን እንዳለ፣ መቼ እንዳለና በምን ማስረጃ እንዳለ ግን ከሁለቱም አንሰማም።

ነገሩ በማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ቢቀር ጉዳቱ ቀላል ነበር። ይኸው አጻጻፍ ግን በመመረቂያ ጽሑፎች፣ በጉባኤ ላይ በሚቀርቡ ጥናቶች፣ አንዳንዴም በታተሙ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የሐተታውን ክርክር እንደ ምሳሌ ይዘን፣ የሌሎችን ሐሳብ በጥናት ጽሑፍ ማቅረብ ማለት ምን እንደሆነ እንመልከት። ሐተታውን ማን ጻፈው ለሚለው ጥያቄ እዚህ ፍርድ አልሰጥም። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክርክሩ በአጭሩ ምንድን ነው?

የሐተታው ሁለት የእጅ ጽሑፎች ዛሬ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢትዮጵያ የእጅ ጽሑፎችን በሰበሰቡት ፈረንሳዊ አሳሽ በአንትዋን ዳባዲ ስብስብ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁለቱም የመጡት በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ በኖሩት ጣሊያናዊ ካፑቺናዊ (ካፑቺን የተባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር አባል) ሚሲዮናዊ በአባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በኩል ነው። በ1904 ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን የግዕዙን ጽሑፍ ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተሙት። ድርሰቱ ራሱን የሚያስተዋውቀው አክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በዋሻ የኖረ፣ ኋላም እንፍራዝ የተቀመጠ ሰው ሥራ አድርጎ ነው።

በ1920 ጣሊያናዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ድርሰቱ የራሳቸው የአባ ጁስቶ ነው ብለው ጻፉ። በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ አቋም ደገፉ። ካናዳዊው የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር) ካህን ክላውድ ሰምነር፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ፍልስፍና ያስተማሩት፣ በ1976 ባሳተሙት ጥናት ኮንቲ ሮሲኒን ነጥብ በነጥብ ተከራከሩ፤ ድርሰቱ የኢትዮጵያዊ ነው አሉ። በ2013 ፈረንሳዊቷ የታሪክ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን በአባ ጁስቶና በዳባዲ መካከል የተደረጉትን የደብዳቤ ልውውጦች መርምረው ወደ ኮንቲ ሮሲኒ መደምደሚያ ተመለሱ። በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ስማቸው የገነነው ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ቀደም ሲል የነበራቸውን አቋም ከልሰው ወደ ኢትዮጵያዊ ደራሲ አዘነበሉ።

መቶ ዓመት፣ አምስት ተመራማሪዎች፣ ጣሊያንኛ፣ ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ። «ምሁራን አረጋግጠዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ በሁለት ቃል ይውጠዋል።

ሐሳብን «ማቅረብ» ማለት ምን ማለት ነው?

የሌላ ሰው ሐሳብ ወደ ጽሑፋችን የሚገባባቸው ሦስት መንገዶች አሉ። ቃሉን እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ማስቀመጥ ቀጥታ ጥቅስ ይባላል። አንድን ነጥብ ትርጉሙን ሳይለቁ በራስ ቃል መልሶ መጻፍ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው የአንድን ጽሑፍ ወይም የአንድን መጽሐፍ ዋና ሐሳብ በጥቂት መስመር ማሳጠር ነው። ሦስቱም ምንጭ ይፈልጋሉ። ብዙ ተማሪ ትእምርተ ጥቅስ ከሌለ ምንጭ መጥቀስ የማያስፈልግ ይመስለዋል፤ ስህተት ነው። ቃሉ የእኛ ቢሆንም ሐሳቡ የሰውዬው ነው።

ቀጥታ ጥቅስ ጥቂት ሲሆን ነው የሚጠቅመው። የምሁሩ አነጋገር ራሱ ለክርክሩ ማስረጃ ሲሆን፣ ወይም አንድ ቃል ብንለውጥ ትርጉሙ የሚዛባ ሲሆን እንጠቅሳለን። ከዚያ ውጭ ገጹን በጥቅስ መሙላት ጸሐፊው ያነበበውን ገና እንዳላብላላው ይመሰክርበታል።

አሳጥሮ ማቅረብ ግን ከሁሉም ይከብዳል፤ ለምን እንደሚከብድ ለማየት አንድ ደህና ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ የሚያደርገውን ማሰብ ይበቃል። ፍርድ ከመስጠቱ በፊት «እንግዲህ አንተ ያልከው እንዲህ ነው፤ አንቺ ደግሞ ያልሽው እንዲህ ነው፤ አዛባሁባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም «ልክ ነው» ካላሉት ወደ ፍርድ አይገባም። ጥናት ጸሐፊም ሊደርስበት የሚገባው ይኸው ነው፤ ያሳጠረው ሐሳብ ባለቤቱ ቢያነበው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» የሚለው መሆን አለበት። ባለቤቱ ዛሬ በሕይወት ባይኖር እንኳ መለኪያው አይለወጥም።

በነገራችን ላይ የተለያዩ ሐሳቦችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለእኛ አገር ትምህርት እንግዳ አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜ አንዱን ፍቺ ሰጥቶ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ ሁለቱ የትርጓሜ ወገኖች፣ የላይ ቤትና የታች ቤት ሊቃውንትም ልዩነታቸውን ይዘው ኖረዋል። የዘመኑ የጥናት ጽሑፍ በዚህ ላይ የሚጨምረው ግዴታ እያንዳንዱ ሐሳብ ከነባለቤቱ፣ ከነዓመቱና ከነገጹ እንዲቀርብ ማድረግ ነው።

አንባቢ ማን እየተናገረ እንደሆነ በምን ያውቃል?

በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ትልቁ ችግር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለማሳያ ያህል ያዘጋጀሁትን ይህን አንቀጽ እንመልከት፦

«ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ በኢትዮጵያ ፍልስፍና ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። ጸሐፊው ሚሲዮናዊ ነው የሚል ሐሳብ አለ። ይህ ግን የተሳሳተ ነው። የሐተታው ቋንቋና አስተሳሰብ ከሚሲዮናዊው ጽሑፎች ይለያል። ስለዚህ ድርሰቱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጻፉ ግልጽ ነው (ሰምነር፣ 1976)።»

ምንጭ ተጠቅሷል፤ ታዲያ ምን ጎደለው? ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሮች የሰምነር የትኞቹ ናቸው? መጨረሻው ላይ ያለው ቅንፍ የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚሸፍነው ወይስ ሁሉንም? «የተሳሳተ ነው» ያለው ሰምነር ነው ወይስ ተማሪው? «የሚል ሐሳብ አለ» የተባለውስ የማን ሐሳብ ነው? አንባቢው ለአንዱም መልስ አያገኝም። ተማሪው ስርቆት አልፈጸመም፤ የራሱን ድምፅና የሰምነርን ድምፅ ግን አንድ ላይ ለውሷቸዋል።

አሁን ያንኑ ሐሳብ እንዲህ እንጻፈው፦

«የሐተታው ደራሲ አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ናቸው የሚለውን መከራከሪያ በ1920 ያቀረቡት ኮንቲ ሮሲኒ ናቸው። ሰምነር (1976) ይህን አይቀበሉም፤ የአባ ጁስቶን ጽሑፎች ከሐተታው ጋር አነጻጽረው ሁለቱ ከአንድ እጅ ሊወጡ አይችሉም ይላሉ። በእኔ እይታ ይህ ንጽጽር ቢያሳምን እንኳ የሚመልሰው ደራሲው አባ ጁስቶ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን ነው። ድርሰቱ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጽፏል ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል።»

በሁለተኛው አንቀጽ ሦስት ድምፆች አሉ፤ የኮንቲ ሮሲኒ፣ የሰምነርና የተማሪው። እያንዳንዱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ይታወቃል። ድምፆቹ ሲለዩ ደግሞ ተማሪው መጀመሪያ ያላየውን ክፍተት አየ፤ «ሚሲዮናዊው አልጻፈውም» እና «በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጻፈ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሐሳብን ከነባለቤቱ ማቅረብ ጥቅሙ ከሥነ ምግባር ያልፋል፤ ጸሐፊውን ራሱን አጥርቶ እንዲያስብ ያስገድደዋል።

«አሉ»፣ «ተከራከሩ»፣ «አረጋገጡ» — ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሰፊ ልዩነት አላቸው። «አሉ»፣ «ጻፉ»፣ «ገለጹ» የሚሉት ጸሐፊውን ከማንም ጋር አያቆሙትም። «ተከራከሩ» ወይም «ሞገቱ» ሲባል ጉዳዩ ገና እንዳልተቋጨና ተቃራኒ ሐሳብ እንዳለ ለአንባቢ ይጠቁማል። «አሳዩ»፣ «አረጋገጡ»፣ «ደረሱበት» ካልን ግን ምሁሩ ትክክል ነው ብለን ፈርመናል። «ኮንቲ ሮሲኒ ድርሰቱ የአባ ጁስቶ መሆኑን አረጋገጡ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሁለት ገጽ አልፎ «ሰምነር የኢትዮጵያዊ መሆኑን አረጋገጡ» ካለ ከራሱ ጋር ተጋጭቷል። እንዲህ ያለ ግጭት ያለበት ጽሑፍ ጥቂት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣውም ቃል ላለመደጋገም ሲባል ግሶችን በማፈራረቅ ነው። ከመለዋወጥ መደጋገም ይሻላል።

በአማርኛ የሚገጥመን ሌላ ወጥመድም አለ፤ የአክብሮት አነጋገር። የምንስማማበትን ምሁር «ይላሉ»፣ የማንስማማበትን «ይላል» ብለን ከጻፍን አንድም ማስረጃ ሳናቀርብ ወገን ይዘናል። አንባቢው ላያስተውለው ይችላል፤ ስሜቱ ግን ይመራበታል። «ይላሉ» ከተባለ ለሁሉም ይባል፣ «ይላል» ከተባለም እንዲሁ።

«ምሁራን እንደሚሉት» እና «ብዙ ጥናቶች እንደሚያሳዩት» የሚሉት መግቢያዎች ስም ካልተከተላቸው ባይኖሩ ይመረጣል።

የማልስማማበትን፣ እንዲያውም የማልወደውን ምሁር እንዴት ላቅርብ?

ኮንቲ ሮሲኒ ለዚህ ፈታኝ ምሳሌ ናቸው። በኤርትራ የጣሊያን ቅኝ ግዛት አስተዳደር ውስጥ በኃላፊነት ሠርተዋል። በ1935፣ የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ ግስጋሴ አቅም የላትም የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አሳትመዋል። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ስለ ሐተታው የጻፉትን በጥርጣሬ ቢያነብ ማንም አይፈርድበትም። እኔም በጥርጣሬ ነው የማነበው።

ሆኖም በብዙ ጽሑፎች ውስጥ የሚታየው አቀራረብ «ኮንቲ ሮሲኒ አፍሪካዊ ሊፈላሰፍ አይችልም ብሎ ስለሚያምን ድርሰቱን ነጠቀን» ብሎ ማለፍ ነው። ይህ የሰውዬውን ማስረጃ ገሸሽ ያደርገዋል። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ያቀረቡት አመለካከታቸውን ብቻ አልነበረም። ሁለቱም የእጅ ጽሑፎች የመጡት በአባ ጁስቶ በኩል መሆኑን፣ ሚሲዮናዊው ግዕዝ በደንብ የሚያውቁ መሆናቸውን፣ እንዲሁም ተክለ ሃይማኖት የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካቶሊካዊ ካህን የሰጡትን ምስክርነት አንስተዋል። እነዚህ ነጥቦች ደካማ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ደካማ መሆናቸው የሚታየው ግን ቀርበው ሲመረመሩ ነው። ሰምነር ያደረጉት ይህንኑ ነው። ክብደት ያገኙትም በዚህ ይመስለኛል።

ስለ ምሁሩ የኋላ ታሪክ መጻፍ ክልክል አይደለም፤ እንዲያውም እዚህ ላይ መዝለሉ ጉድለት ነው። ሁለቱን ግን ለያይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። መጀመሪያ መከራከሪያው በጠንካራ ጎኑ ይቅረብ፣ ቀጥሎ መልስ ይሰጠው፣ ከዚያ በኋላ «ጸሐፊው በ1935 የያዙት የፖለቲካ አቋም በምርጫቸው ላይ ተጽዕኖ አሳድሮ ሊሆን ይችላል» ቢባል አንባቢው ይመዝነዋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንባቢው መከራከሪያውን ከመስማቱ በፊት ጆሮውን ይደፍናል። ደግሞም ቪዮን ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ የደረሱት ከሰማንያ ዓመት በላይ ዘግይተው፣ በሌላ መንገድ ነው። «ቅኝ ገዢ ስለነበሩ ነው» የሚለው መልስ ለእሳቸው አይሠራም።

ሁለቱንም ወገን እኩል ማቅረብ አለብኝ?

እኩል መስመር መስጠት ሚዛናዊነት አይደለም። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው አንደኛው ወገን በምን ዓይነት ማስረጃ እንደቆመ ነው፤ በደብዳቤዎች? በቋንቋ ንጽጽር? በሰው ምስክርነት? በድርሰቱ ውስጥ ባሉ የታሪክ ዝርዝሮች? «አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፣ አንዳንዶች ደግሞ እንዲያ» ተብሎ የሚዘጋ አንቀጽ ፍትሐዊ ቢመስልም አንባቢውን ባዶ እጁን ነው የሚሸኘው።

አቋሙን የለወጠ ምሁር ሲያጋጥም ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። የጌታቸው ኃይሌን የቀድሞ ጥርጣሬ ብቻ ጠቅሶ የ2017ቱን የተወ ሰው የጻፈው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንባቢውን ግን አታሏል። የቀድሞውን ሸፍኖ የኋለኛውን ብቻ ያቀረበም እንዲሁ። ሁለቱንም ከነዓመታቸው ጽፎ፣ ምሁሩ ለምን እንደለወጡ የሰጡትን ምክንያት ማከል ነው የሚገባው። አንድ ሊቅ በሕይወቱ ማምሻ ሐሳቡን ሲከልስ ምክንያቱ ከድምዳሜው በላይ ሊያስተምር ይችላል።

በክለሳ ድርሳናት ውስጥስ?

ክለሳ ድርሳናት፣ ማለትም በጉዳዩ ላይ ከዚህ በፊት የተጻፈው የሚቃኝበት ምዕራፍ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ዕቃ ዝርዝር ይጻፋል። አንድ አንቀጽ ለሊትማን፣ አንድ ለኮንቲ ሮሲኒ፣ አንድ ለሚትቮኽ፣ አንድ ለሰምነር። ምሁራኑ እርስ በርስ የተነጋገሩ አይመስሉም። አንቀጾቹን በሰው ፋንታ በጥያቄ ብናደራጃቸው ምዕራፉ ሕይወት ይዘራል፦ የእጅ ጽሑፎቹ ታሪክ ምን ይላል? ቋንቋው የማን ይመስላል? የአባ ጁስቶ ደብዳቤዎች ምን ይነግሩናል? በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር የሚመለከታቸው ምሁራን ይሰበሰባሉ፤ ማን ለማን እንደመለሰ ይታያል፤ ማንም ያልነካው ጥያቄም ራሱን ያጋልጣል። ተማሪው የራሱን ጥናት የሚያቆመው እዚያ ክፍት ቦታ ላይ ነው።

ዋናውን መጽሐፍ ካላገኘሁት ወይም ቋንቋውን ካላወቅሁትስ?

የኮንቲ ሮሲኒ ጽሑፍ በጣሊያንኛ፣ የሚትቮኽ በጀርመንኛ፣ የቪዮን በፈረንሳይኛ ነው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ ተማሪ ሦስቱንም እንዲያነብ አይጠበቅም። የሚጠበቀው ያላነበበውን እንዳነበበ አለማስመሰል ነው። «ኮንቲ ሮሲኒ (1920፣ በሰምነር 1976 እንደተጠቀሰው)» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም፤ አንባቢው የኮንቲ ሮሲኒን ድምፅ የሚሰማው በተቃዋሚያቸው በኩል አልፎ እንደሆነ ያውቃል። ይህች አጭር ሐረግ ስትቀር፣ ሰምነር ሲያሳጥሩ የተዉት ነገር ካለ ኮንቲ ሮሲኒ ራሳቸው የተዉት ይመስላል።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ መጥተዋል። ምንጭ ሲጠየቁ ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመትና ገጽ አሟልተው፣ ነገር ግን ፈጽሞ ያልተጻፈ ጽሑፍ ሊሰጡ ይችላሉ። የምሁሩ ስም እውነተኛ ስለሚሆን በዓይን ብቻ አይለይም። የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ወይም የመጽሔቱ ድረ ገጽ ላይ ተፈልጎ ያልተገኘ ምንጭ ከጽሑፉ ይወጣል፤ የተገኘውም ተከፍቶ የተባለው ነገር በተባለው ገጽ ላይ መኖሩ ይታያል።

ስምና ዓመት ይህን ያህል ያከራክራል?

ያከራክራል። የኢትዮጵያውያን ሁለተኛ ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። በውጭ መጽሔቶች ጌታቸው ኃይሌ «ኃይሌ፣ ጌ.» ተብለው ይመዘገባሉ፤ በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ «ኃይሌ (2017) እንደሚሉት» ከተባለ ግን የተጠቀሱት አባታቸው ናቸው። በአማርኛም ሆነ በኢትዮጵያ ጥናት ዘርፍ የተለመደው «ጌታቸው (2017)» ነው። ማዕረግም በጽሑፉ ውስጥ አይደረደርም፤ ፕሮፌሰር ወይም ዶክተር የሚለው ለመከራከሪያው ክብደት አይጨምርም።

ዓመቱ ደግሞ ከስሙ ይብሳል። በኢትዮጵያና በአውሮፓውያን አቆጣጠር መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። የሰምነር 1976 በእኛ 1968 ወይም 1969 ዓ.ም. ነው። አንድ ተማሪ የአማርኛ ምንጮቹን በዓመተ ምሕረት፣ የውጭዎቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጻፈ ምልክት ካላደረገባቸው፣ በ1972 ዓ.ም. ለሰምነር መልስ የሰጠ ጽሑፍ ከሰምነር አራት ዓመት ቀድሞ የወጣ ሆኖ ይነበባል፤ መላሹ መልስ ተቀባይ፣ መልስ ተቀባዩ መላሽ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ዓመት አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማከል፣ ካልሆነም መግቢያው ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደተያዘ አንድ ጊዜ መናገር ይህን ያስቀራል።